የዛጎሎቹ ቀለብ

ባለቤቴ የመስታወቱን ገንዳ እዚያ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ጭኖ ያመጣ ቀን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማን ሰጠህ?» የሚል ነበር። እንኳን ደህና መጣህ አላልኩትም። ካርቱም ውስጥ ለሐበሻ በነፃ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ወይ የተሰበረ ነው፣ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ነገ ፖሊስ አስከትሎ ይመጣል ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር። እሱ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል፣ ሳሎን ውስጥ የነበረውን አኳሪየም የሚወስድ ሰው ስላጡ ለሹፌራቸው ሰጡት። ከነአሸዋው፣ ከነውሃ ተክሉ፣ ከነማጣሪያው፤ ዓሦቹንም በውሃ በተሞላ ላስቲክ ቋጥረው። ታሪኩን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሦስቱንም ጊዜ ሳያዛንፍ ሲነግረኝ አመንኩት።

የምንኖረው ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ነበር፣ ከዓባይ ዳር የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ። ቤቱ የአንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሐጃ ይላቸዋል፣ እኛም እንደዚያው። እሳቸው ምድር ቤት፣ ግቢውን ይዘው ይኖራሉ። እኛ ደግሞ ፎቅ ላይ ያለችውን አንድ ክፍልና ከፊቷ ያለውን ጠፍጣፋ ጣሪያ ተከራይተን ነበር። አገሬ ላይ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ባለቤቴ በፖለቲካ ምክንያት አገር ጥሎ ሲወጣ ተከትዬው መጣሁና ዐማራት ባለ አንድ ካፌ ውስጥ እስከ ቀትር መሥራት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ስለዚህ የገንዳው ነገር በእኔ ላይ ወደቀ።

በመስኮቱ አጠገብ፣ በብሎኬት ላይ አስቀመጥነው። ፀሐይ ስለሚያገኘው ውሃው በሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሆነና ዓሦቹ እንኳ አልታይ አሉ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ስፈልግ፣ የወንዝ ዛጎል ውሃ ያጠራል የሚል አገኘሁ። እንግዲህ የወንዝ ዛጎል ማለት ሁለት ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን ናት፤ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ውሃውን ስባ ታስገባለች፣ በውስጡ ያለውን ደቃቅ ነገር ትበላለች፣ ውሃውን መልሳ ትተፋዋለች። ዓባይ በጎደለበት ወቅት ስለነበር አንድ አርብ ባልዲ ይዤ ወረድኩና፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጭቃውን በእግር ጣቴ እየዳበስኩ ሰባት ለቀምኩ። ትልቋ የእንቁላል ግማሽ ታክላለች፤ ትንሿ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም።

እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመንኳቸውም። ዛጎል ስትኖርም ዝም ነው፣ ስትሞትም ዝም ነው። ዓሣ ሲታመም ይታይሃል፤ ጎኑን ይጥላል፣ ምግብ እንቢ ይላል። ዛጎል ግን ክዳኗን ገጥማ ከተቀመጠች ተኝታ ይሁን፣ ፈርታ ይሁን፣ ሞታ ይሁን ማን ያውቃል? ማለዳ ማለዳ አሸዋው ላይ ሰው በጣቱ የጫረው የሚመስል መስመር አገኛለሁ። አንዳንድ ቀን አንዱ ተክል ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ሌሊት ሲንቀሳቀሱ ያድራሉ ማለት ነው፣ እኔ ሳያቸው ግን ድንጋይ ናቸው። የተቀበሩትን ደግሞ መቁጠር አይቻልም። ሰባት እያልኩ የማየው ሦስት ነው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ውሃው ጠራ። የምንጭ ውሃ መሰለ። ለባለቤቴ እያሳየሁ ተኩራራሁ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቪዲዮ አየሁ። አንድ ሰውዬ፣ ውሃችሁ ጥርት ካለ ዛጎሎቻችሁ እየተራቡ ነው ይላል። ማጣሪያውም ተክሉም ምግቡን ሁሉ ስለሚሻማቸው ቀስ በቀስ ይመነምናሉ፤ ለወራት በሕይወት ያሉ መስለው ይቆዩና አንድ ቀን ይከፈታሉ፣ ሽታቸውም ገንዳውን በሙሉ ይመርዛል። ንጹሕ ውሃ ለእነሱ ባዶ ሌማት መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ። ደስታዬ ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ። በየቀኑ ጎንበስ ብዬ ሞታችኋል ወይስ አላችሁ እያልኩ አፈጥባቸው ጀመር።

አንዱ መላ እርሾ ነው አሉ፤ ቁንጥር እርሾ በውሃ በጥብጦ መስጠት። ሱቅ ሄጄ እርሾ ስጠይቅ ባለሱቁ እጁን ከመደርደሪያው ላይ ሳያነሳ ዞሮ አየኝ።

«ዳቦ ትጋግሪያለሽ?» አለኝ።

«አዎ፣» አልኩት። እውነቱ ከውሸቱ ይልቅ ውሸት ስለሚመስል ነው የዋሸሁት። ሐበሻ ሴት እርሾ ከገዛች እዚያ አገር የሚታሰበው ሌላ ነገር ነው፤ አረቄ። አረቄ ደግሞ ያስገርፋል፣ ያሳስራል፣ ከቤት ያስወጣል። በዚያን ሰሞን ጀብራ ሰፈር ውስጥ አንዲት የማውቃት ሴት በዚሁ ጉዳይ ተይዛ ነበር።

እርሾውም አልበጀም። አብዝቼው ኖሮ ውሃው ወተት መሰለ፣ በሦስተኛው ቀን አንዷ ዛጎል አፏን ከፍታ ተገኘች። ሽታው እስከ ምድር ቤት ወረደ። ሐጃ ደረጃው ሥር ቆመው ምን እንደሞተ ጠየቁኝ። አይጥ አልኳቸው። አዩኝና ተመለሱ። ስድስት ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ አረንጓዴው ውሃ የገባሁት። ነገሩ ቀላል ነው። ከገንዳው የተቀዳ አሮጌ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ማቆየት፤ በአሥር ቀን ውስጥ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቁ አልጌ ደግሞ ለዛጎል ዋና ቀለብ ነው። ካርቱም በፀሐይ አይታማም። ጣሪያው ላይ ዘጠኝ ጠርሙስ ደረደርኩ፤ አቧራ እንዳይገባባቸው አፋቸውን በቁራጭ ነጠላ እየሸፈንኩ በክር አሰርኩ። በሁለት ቀን አንዴ ማጣሪያውን እነቅልና ውሃው ጸጥ ሲል፣ አረንጓዴውን በሲሪንጅ ስቤ፣ አሸዋው ላይ ቀስ አድርጌ እለቅላቸዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ማጣሪያውን እመልሳለሁ። አሸዋው ላይ ያሉት መስመሮች በዙ። ይኖራሉ ማለት ነው ብዬ ትንሽ ተረጋጋሁ።

መረጋጋቴ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የአንዱ ጠርሙስ ክር ቋጠሮው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ሁሌ ሁለት ጊዜ ነው የምቋጥረው፤ ይሄ አንድ ጊዜ ተቋጥሮ ጫፉ ተንጠልጥሏል። በሌላ ቀን ደግሞ ሙሉ የነበረው ጠርሙስ ጎድሎ፣ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ረጥቧል። ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው ደረጃ አንድ ነው፣ ቀን ግቢው ውስጥ ያሉት ሐጃ ብቻ ናቸው። ለባለቤቴ ስነግረው ነፋስ ነው አለ። ነፋስ ቋጠሮ አይቋጥርም አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐጃን እግር ኮቴ መከታተል ያዝኩ። ሲስቁልኝ ሳቃቸውን መረመርኩ። ምግብ ሲልኩልን፣ ለምን ዛሬ ላኩ ብዬ አሰብኩ።

ፖሊሶቹ የመጡት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ወጣቶችና ሻዊሽ የሚሉት ሽበታም አለቃቸው። በሩን አላንኳኩም፤ ሐጃ ከፍተውላቸው ሽቅብ ሲወጡ ነው ያየኋቸው። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ነበር። ወረቀታችንን ጠየቁ፣ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃዳችንን አሳየን። ከዚያ ሻዊሹ በቀጥታ ወደ ጣሪያው ወጣ። ጠርሙሶቹን ሳይፈልግ ነው ያገኛቸው። የት እንዳሉ ያውቃል ማለት ነው።

«ምን እየጠመቅሽ ነው?» አለኝ።

«አልጠምቅም። የዛጎል ምግብ ነው።»

ወጣቶቹ ተያይተው ሳቁ። ሻዊሹ ክሩን ፈትቶ አሸተተና አፍንጫውን ሰበሰበ፤ የኩሬ ሽታ ነው ያለው። አንደኛው ወጣት ግን ሐበሻ ሴቶች ሽታ መደበቅ ያውቁበታል ብሎ ተከራከረ። ክፍሉን ሲፈትሹ ከመደርደሪያው ላይ የተረፈውን እርሾ አወጡ፤ ሦስት እሽግ። ይሄስ ሲሉኝ ይሄም ለዛጎሎቹ ነበር አልኩ። ያን ጊዜ ሻዊሹ እንኳ ፊቱ ተለወጠ። በሕይወቴ እውነት ተናግሬ እንደዚያ ውሸታም የመሰልኩበት ቀን የለም። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

ሻዊሹ ወደ ገንዳው ተጠጋና አረንጓዴውን የሚበላው የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት። ከአሸዋው ብቅ ያሉ ሁለት የተዘጉ ቡናማ ጀርባዎች ብቻ ይታያሉ።

«ድንጋይ ነው የምታሳዪኝ፣» አለ።

«ድንጋይ አይደለም። ይከፈታል።»

«እንግዲያው ይከፈት።»

ሰው ከከበባቸው እንደማይከፈቱ፣ ኮቴ እንኳ እንደሚሰሙ ነገርኩት። ማጣሪያውን ነቀልኩ። አንድ ሲሪንጅ አረንጓዴ ውሃ ከአሸዋው በላይ ለቀቅኩና፣ እባካችሁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ አልኳቸው። ለፖሊስ ቦታ ሳሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሻዊሹ ኮፍያውን አውልቆ አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወጣቶቹ መሬት ተቀመጡ። ሐጃ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። እኔ ደግሞ እሳቸውን በዓይኔ ጠርዝ እያየሁ፣ ደስ ብሎዎታል አይደል እላለሁ በሆዴ።

ጠበቅን። ቬንቲሌተሩ ይንቋቋል። አንዱ ወጣት ስልኩን ሊያወጣ ሲል ሻዊሹ በእጁ ከለከለው። ዛጎሎቹ ቀኑን ሙሉ ተዘግተው የዋሉባቸው ጊዜያት ሁሉ ትዝ አሉኝ። እነዚህ ሁለቱ ሞተው ቢሆንስ? ከስንት ቀን በፊት ነበር ሲንቀሳቀሱ ያየሁት? ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አልቀረም፣ ትልቋ ክዳኗን የወረቀት ውፍረት ያህል ከፈተች። ከዚያ ዳር ዳሩ ፀጉር ያለው የሚመስል፣ ከምስር የማይበልጥ ሁለት ቀዳዳ ብቅ አለ። በውሃው ላይ የተንሳፈፈው አረንጓዴ እንደ ክር እየተሳበ ወደ አንደኛው ቀዳዳ መግባት ጀመረ።

ሻዊሹ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አስጠጋ።

«ሱብሐን አላህ፣» አለ ቀስ ብሎ። ዞር ብሎም «ትበሉታላችሁ?» አለኝ።

«አንበላም።»

«ትሸጡታላችሁ?»

«አንሸጥም።»

«ታዲያ ለምን ትቀልቢዋለሽ?»

ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። «ከወንዙ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ እዚህ ሆነው ፈልገው መብላት አይችሉም፣» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አላመነኝም፤ እርሾውንና አንድ ጠርሙስ ይዞ ነው የሄደው። ደረጃው ላይ ሲደርስ ለባለቤቴ፣ እነሱ ዝም ብለው ሰው ቤት እንደማይገቡ፣ ለዚህ ቤት ቅርብ ከሆነ ሰው የመጣ ወሬ እንደሆነ ነገረው።

ለዚህ ቤት ቅርብ የሆነ ሰው። ከዚያ ወዲያ ማስረጃ አልፈለግኩም። በማግስቱ ሐጃ ሰላም ሲሉኝ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ምግብ ሲልኩ ሳህኑን ሳልነካ መለስኩት። እዚያ አገር ይሄ ትልቅ ነውር ነው፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆንን። ባለቤቴ ተያቸው፣ አሮጊት ናቸው፣ እንርሳው ይለኛል። እንርሳው ማለቱ ግን በዛ። በነገር የማይሸነፍ ሰው እንዲህ በቶሎ ይቅር ሲል ግር አለኝ፣ ግን በሐጃ ላይ የያዝኩት ቂም ስለሞላኝ አላሰብኩበትም።

እውነቱን የሰማሁት ከሻይ ሻጭ ነው። አንድ ቀን ከካፌው ስወጣ፣ ባለቤቴና ጓደኞቹ አዘውትረው የሚቀመጡበት ዐማራት ያለው የኒም ዛፍ ሥር እሱን ልጠብቅ ቆምኩ። ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊት የማን ሚስት እንደሆንኩ ስታውቅ ሳቀች።

«አረንጓዴው ዐረጊ ደረሰ?» አለችኝ። ዐረጊ የሚሉት አረቄን ነው።

የምን ዐረጊ አልኳት። ባልሽ ነዋ አለች። ሚስቴ ጣሪያ ላይ አረንጓዴ ነገር ጠምቃለች፣ ዘጠኝ ጠርሙስ፣ ሲደርስ እጠራችኋለሁ እያለ ሲያስቃቸው ሰንብቶ ነበር። እሷ ቀልድ መሆኑ ገብቷታል። ከዛፉ ሥር የሚቀመጠው ሰው ግን ብዙ ነው፣ ሁሉም አማርኛና ዐረብኛ ቀላቅሎ ያወራል፣ ማን ከማን እንደሰማው አይታወቅም።

ባለቤቴ ሲመጣ ሻዬን ሳልጨርስ ቆምኩ። አውቶቡስ ውስጥ አልተናገርኩትም። ቤት ገብተን በሩን ስዘጋ ነው የጠየቅኩት። አልካደም። አልጋው ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ መሃል ሰክቶ፣ ቀልድ ነበር አለ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሻዊሹ ጠርሙሱን ሲያነሳ።»

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እኔ እኚህን ሴትዮ ስበድል ዝም ብለህ አየኸኝ?»

«ፈራሁሽ፣» አለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ለቀልዱ ይቅር ልለው እችል ነበር። ዝምታውን ግን ለረጅም ጊዜ ይቅር አላልኩትም። ከዚያ በኋላ ለወራት አንድ ነገር ሲነግረኝ፣ የቀረው የት አለ እያልኩ ፊቱን አነብ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሐጃ ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ከገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ለወጥ የሚሆን የሞሎኪያ ቅጠል ይቀነጥሳሉ። የጠረጠርኩትን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸውና እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ቅጠሉን መቀንጠሳቸውን አላቆሙም።

«ጠርሙሶቹን ከፍቼ ያሸተትኩ እኔ ነኝ፣» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ። አንዱን ደፋሁት፣ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ዐረጊ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ ራሴ ወጥቼ ውጪልኝ እልሽ ነበር። በቤቴ ያለ ሰው ላይ ፖሊስ አልጠራም።»

ጠርጥረውኝ ነበር ማለት ነው። ከእኔ የሚለዩት እሳቸው ሄደው ማሽተታቸው ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። እሳቸውም አይጥ ነው ብለሽኝ ነበር አሉና አዩኝ። እሱንም አመንኩ።

በጋው ሲጠና መብራት መጥፋት አበዛ። የእኛ ክፍል ከቀትር በኋላ ምድጃ ነው፤ የገንዳው ውሃ ሲነካ ለብ ይላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዛጎሎች ተከፍተው ተገኙ። ሐጃ ሰሙና ምድር ቤት ያለውን፣ ግድግዳው ወፍራም የጭቃ የሆነውን ዕቃ ቤታቸውን ከፈቱልን። በእውነትም ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ገንዳውን በሁለት ቀን አጓጓዝነው፤ አራት ዛጎሎች፣ የተረፉት ዓሦችና ግማሹ ተክል ወረዱ። እኔ ጠዋት ሥራ ስለምሄድ ማብላቱን ለእሳቸው አስተማርኳቸው። ሲሪንጁን በሁለት እጃቸው ይይዙና ቢስሚላህ ብለው ይለቃሉ። ከሥራ ስመለስ ስንቶቹ እንደተከፈቱ ይነግሩኛል። አንዳንዴ እኔ ማብዛቴን ይቆጡኛል፤ ውሃው ሲደፈርስ እኔን ነው የሚጠረጥሩት።

ወደ ክረምቱ ገደማ አንድ ቀን ትልቋን አጣኋት። ስጠይቃቸው አሸዋው ውስጥ ገብታለች አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ቅጠላቸው መልሰው። በማግስቱም ገብታለች አሉኝ። ግቢው ግን በዕጣንና በሳሙና ሊሸፈን የማይችል ያን የማውቀውን ሽታ ይሸታል፤ ከአጥሩ ሥር ካሉት አበቦች አጠገብም አዲስ የተቆፈረ አፈር አለ። ቆፍሬ አላየሁም። ከአሸዋው መውጣቷ አይቀርም ብያቸው ሻይ አፈላሁላቸው።

ሁለታችንም ጠጣን። ማወቄን ያውቃሉ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ግን ከዚያ ቤት እስከወጣንበት ቀን ድረስ ስለ ትልቋ አንዳችንም አላነሳንም።